የወፉ ይዞታ

ግንቦት ሲጋመስ ነው፣ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት፣
ዶሮ ማነቂያ ላይ፣ ቤት በነበረበት፣
ባለ ሦስት እግሩን መነጽር ተክዬ
ፀሐይ ስጠብቅ ነው፣ ካፖርት ተጠቅልዬ።
ልለካው የመጣሁት አጥር አልባ መሬት
ቀድሞኝ ተለክቷል፣ በአንድ ወፍ፣ በሌሊት።

ስሙን አላውቀውም። ደረቱ ብርቱካን፣
ቅንድቡ ነጭ መስመር፣ ቁመቱ ስንዝር እንኳን
በወጉ አይሞላም።
ከግሬደር የተረፈች አንዲት ጽድ ነበረች፣
ወይ ረስተዋት ይሆናል፣ ወይ ራሷ እንቢ አለች፤
እሷ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ጅራቱን ነቅንቆ፣
ጨለማውን ይቀደዋል በፉጨት ሰንጥቆ።

«ደስ ብሎት ነው» አልኩኝ። ሰው እንዲህ ነው፤ ሲሰማ
ዜማ ሁሉ ደስታ ይመስለዋል፣ ከሩቅ፣ በጨለማ።

የቁመት ዘንጉን ይዛ የቆመችው ሰሚራ
(ትምህርት ላይ ሳለች ወፍ ስትቆጥር ከርማለች እንጦጦ ተራራ)
ሳቀችብኝ፦
«ደስታ አይደለም፣ ጋሼ፤ ሥራ ነው፣ የወንድ ሥራ።
ዝናቡ ሲቃረብ፣ ትሉ ሲበረክት፣
ደሙ ውስጥ አንድ ነገር ይነሳል ድንገት።
እዚያ ምሰሶ ድረስ፣ ከቱቦው ጀምሮ
የኔ ነው ማለቱ ነው፤ አጥሩ ፉጨት እንጂ አይደለም ቆርቆሮ።
ያንኑ አንድ ዜማ ሁለት ጆሮ ይሰማዋል፤
ጎረምሳውን ‹ሂድልኝ›፣ ሴቷን ‹ነይ› ይላታል።
ሰሙ ለጎረቤት፣ ለእሷ ወርቅ ሆኖ፣
ቅኔ ይዘርፋል እንጂ አያንጎራጉርም ቦዝኖ።
ደግሞም የራበው ወፍ እንዲህ ሊጮኽ አይችልም፣
ጠግቦ ያደረውን ነው ሴቷ የምትመርጠው፤ ድምፅ አይዋሽም።»

አስራ ሁለት ሲሆን ሚኒባሶች መጡ፤
«ስታዲየም! ሜክሲኮ!» ወያሎች ከየበሩ ወጡ።
ወፉ አላፈረም። ድምፁን አቀጠነው፣
ከሞተሩ በላይ፣ ከጥሩምባው በላይ፣ ሽቅብ ሰቀለው።
ማልዶ የሚጮኸውም ለካ ለዚህ ኖሯል፤
ዝምታ በጠዋት በርካሽ ይገኛል።

እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት ችካል ስተክል፣
«ያንተ እዚህ ያበቃል፣ ያንቺ ከዚህ» ስል፣
ለስንቱ ካርታ ሳወጣ፣ ማዕዘን ስቆጥር፣
ራሴ ተከራይ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
አንዲት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ደብሪቱን
«ነይ» ልላት ደጇ ድረስ ሄጄ፣
«ምን ፈለግህ?» ስትለኝ፣
ሰዓት ጠይቄያት ተመለስኩ።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ጽዷ ዝም አለች።
መነጽሬን ትቼ ሥሯን ዞርኩ፣ ላባ ፈለግሁ፤
ድመት አማሁ፣ ቁራ አማሁ፣ የሰፈር ልጅ ወንጭፍ አማሁ።
ዘበኛው ጋሽ ዱባለ ከላስቲክ ቤቱ ብቅ ብሎ፣
«ምን ጠፋብህ?» «ወፉ» አልኩት። ሳቀ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፤
«ጠርቶ ነበር፣ መጣችለት።
የመጣችለት ምን ያስጮኸዋል? አሁንማ ሥራ በዛበት።»

ጣቱን ተከተልኩ። የፈረሰ ማድ ቤት፣ አንድ ግድግዳ የቀረው፣
ግማሹ ነጭ ሸክላ፣ ግማሹ ጭስ ያጠቆረው።
ከቧንቧ ቀዳዳው ሣር ወጥቷል፤ በሣሩ መሀል
የኛው የወሰን ጥብጣብ፣ ቀይና ነጩ፣ ተገምዷል።
የወሰን ድንጋይ ቁጥር ሰባት፣ በፕላኑ፣
ልክ እዚያ ላይ ነው ማረፊያው።
ሰሚራ አየችኝ። እኔም አየኋት።

ቅጹን አወጣሁ። «ሥራው የዘገየበት ምክንያት» በሚለው ፊት
«ከባድ ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑንም፣ ፊርማዬንም ጨመርኩበት፣
ከወረቀቱ ላይ ፀሐይ
ዓይኔን እያጭበረበረው።